ይሻው የተናገረበት ቀን

ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሞገስ ወርቁ
አዲስ አበባ

ልጄ ሞገስ፣

እንዴት ነህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እንዴት እንደሆንክ ግን ባለሱቁ ነስሩ አዲስ አበባ አግኝቶህ ነግሮኛል። ከስቷል፣ ጺሙን አይላጭም፣ ከሥራ ሲወጣ ከሰው ጋር አይውልም አለኝ። እኛም አለን። የጋፋቱን ገብስ ወቅተን አስገባን፤ ምርቱ ደህና ነው፣ ለማን እንደሆነ እንጃ እንጂ። ውርጩ ዘንድሮ ብሷል። የእናትህ ጉልበት እንደዚያው ነው፤ የእኔም ወገብ እንደዚያው ነው።

ስልክህን ዘግተህ በነስሩ አፍ ታናግረኛለህ። ይሁን፣ ምን ላድርግህ! ባለፈው ለሱቁ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ቤት ድረስ መጣና፣ «ሞገስ ለወንድሙ ሙት ዓመት እመጣለሁ ብሏል። ድንጋይ ተሸክሜ እናቴ እግር ሥር እወድቃለሁ፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ እነግራታለሁ ብሏል» አለኝ። ምን እንደሰጠህ፣ ለማን እንደሰጠህ አልጠየቀኝም። ጨዋ ሰው ነው፤ መልእክቱን አድርሶ ወደ ሱቁ ሄደ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

እናትህ ደግሞ በበኩሏ ጠዋት ማታ «ና ብለህ ጻፍለት» ትለኛለች። ፊደል ብትቆጥር ኖሮ እኔን ባልለመነችኝ። እሷ የምትፈልግህ አጠገቧ ቆመህ አብረሃት እንድታለቅስ ነው። አንተ የምትመጣው ልትናዘዝላት ነው። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ከመነሣትህ በፊት የማታውቀውን ነገር ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብብ። ለማንም አታሳይ፤ ስትጨርስ አቃጥለው።

አንተ ሐሙስ ዕለት ተሳፍረህ ሄድክ። የወንድሜ የአስናቀ ልጅ ሠርግ እሑድ ነበር። «አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ» ብለህ የአጎትህን ልጅ ሠርግ ጥለህ መሄድህ አናዶኝ ነበር። ለካስ ክኒኗን ለወንድምህ አስጨብጠኸው ነው የሄድከው። ማን ያውቃል!

ይሻው እንዴት ሆኖ እንደነበር አንተም ታውቃለህ፤ ግን አንተ በዓመት አንዴ ነው የምታየው፣ እኛ በየቀኑ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በአይሱዙዬ ቁስለኛ ሲያመላልስ ከረመ። ሲመለስ ገላው ላይ አንድ ጭረት የለም። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ እያለ ጎረፈ። እሱ ግን ቃል አልወጣውም። ሲጠሩት አቤት ይላል፣ ሲሰጡት ይበላል፣ በቃ። መሪ ዳግመኛ አልነካም። በር በኃይል ከተዘጋ አልጋ ሥር ይገባ ነበር፣ ያን የሚያህል ጎልማሳ! ጸበል ወሰድነው፣ ሱባኤ ያዘ። ሐኪም ጋ ወሰድነው፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ሰጡት፤ ተኛ እንጂ አልተናገረም። እናትህ ያልተሳለችበት ታቦት የለም።

እሑድ ጠዋት ሙሽራው ሳይደርስ ጋፋት ገባን። ይሻው እንደ ልማዱ ዳሱ ጥግ ላይ ምሰሶ ተደግፎ ተቀመጠ። መቼ እንደዋጣት አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ልጄ ሲሥቅ አየሁ። የአስናቀ ሚስት ሳህን ስታቀብለው እጇን ይዞ፣ «እትዬ፣ አንቱ እኮ ደግ ሰው ነዎት» አላት። ሴትዮዋ ደንግጣ ሳህኑን ልትጥለው ነበር። ከዚያ ከበሮው ሲመታ ተነሥቶ መሐል ገባ። ይሻው ጨፈረ፣ ሞገስ! ትከሻው እንደ ድሮው! እናትህ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዳሱ ወጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ መሬት ሳመች። «ስለቴ ሰመረ፣ ልጄን መለሰልኝ» እያለች ሰውን ሁሉ አቀፈች።

ትንሽ ቆይቶ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ከቤቱ ጓሮ ወይራው ሥር ይዞኝ ሄደና እጄን ያዘ። አንተ ታውቀኛለህ፤ እኔ ልጆቼን እጅ ለእጅ ይዤ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን አልነጠቅኩትም። «አባባ፣ ልንገርዎት» ብሎ ጀመረ። ከጋይንት በኩል ቁስለኛ ጭኖ ሲመለስ ኋላው ሞልቶ አንዱን ልጅ ጋቢና አጠገቡ አስቀምጦት ነበር። ጢም እንኳን ያላወጣ ልጅ ነው። እጁን ይዞት «እናቴ የት ናት? ደረስን?» ይለው ነበር። «ደርሰናል፣ ያቻትልህ ቆማለች እያልኩ ዋሸሁት» አለኝ። «በአንድ እጄ ነው የነዳሁት አባባ። ከተማ ስንገባ ቀዝቅዞ ነበር። እኔ ግን እጁን መልቀቅ አቃተኝ።» ይህን ሲነግረኝ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሱ እንባዬን በእጁ እየጠረገ፣ «አሁን ስናገረው አያመኝም፤ ይገርማል። ሁላችሁንም እወዳችኋለሁ። እርስዎንም እወድዎታለሁ» አለኝ።

በእኛ አገር አባቱን እወድዎታለሁ የሚል ወንድ ልጅ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ጥርሱን ሲያፋጭ፣ የዓይኑ ብሌንም ያለ ልክ ሰፍቶ አየሁ። ደስታ ነው ብዬ አለፍኩት። ምን ላስብ?

ተመልሶ ገብቶ ጨፈረ። የጥር ፀሐይ እንዴት እንደሚጠብስ ታውቃለህ። ሱፍ ኮቱን አላወለቀም፣ እህል አልቀመሰም፣ ጠላውንም ውሃውንም እምቢ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዳሱ መሐል ተዘረረ። ገላው እሳት ነው፣ እጅ አያስደርስም። እናትህ ግንባሩን ነካችና «ምች ነው!» አለች። ሁላችንም ምች ነው አልን። ላብ በላብ ሆኖ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሲገባ የዋለ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? ደግሞ ለምች እናትህን ማን ይስተካከላታል። መንደሩ በሙሉ ልጁን እያዘለ ወደ እሷ አይደል እንዴ የሚመጣው! ሐኪም ቤት እንሂድ ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም። የአስናቀን ፒክአፕ አስነሥቼ ወደ ቤት ነዳሁ። «ነፋስ እንዳይነካው መስኮቱን ዝጋው» አለችኝ፤ ዘጋሁት።

ቤት ስንገባ ከጓሮዋ ዳማ ከሴ ቀጥፋ አሸችና በአፍንጫው አደረገችለት። ባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ በእንፋሎቱ አጠነችው። በሩን አስዘጋችና ጋቢ አለበሰችው፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ሌላ ጋቢ። ላቡ ይውጣለት ብላ ነው። ይሻው ይወራጭ ነበር፣ ይገልጠዋል። እሷ መልሳ ትሸፍነዋለች። «ውሃ፣ ውሃ» አለ። ቀዝቃዛ ያባብስበታል ብላ የሞቀ አቀመሰችው። አልጋው ላይ ወጥታ በሁለት እጇ አቅፋ ብርድ ልብሱን ያዘችበት፤ እንደ ሕፃንነቱ እሹሩሩ ትለው ነበር። ከዚያ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል ያሮጥነው።

ወጣቱ ሐኪም ሙቀቱን ለክቶ ክው አለ። አርባ ሁለት አልፏል። ያለበሰችውን ሁሉ አውልቆ ወረወረው፤ ውሃ አፈሰሰበት፤ ነርሶቹን ከለስላሳ መሸጫው በረዶ አስመጣቸው። ሰኞ ሲነጋጋ ይሻው አረፈ። የቀረውን ታውቃለህ። ለቀብሩ ደረስክ፤ በሠልስቱ ቅጥሩ ጥግ ወስደህ የሰጠኸውን ነገርከኝ። «ኤክስታሲ ይባላል፣ ውጭ አገር ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ያክሙበታል፣ አንብቤ ነው፣ እንዲናገር ብዬ ነው» አልከኝ። ላንቅህ ነበር። እውነቴን ነው፤ ሰው ባይኖር ኖሮ አንቅህ ነበር። ያን ሌሊት ሳልሰናበትህ ቀረሁ፤ በማግሥቱ ሄድክ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ።

አርባው እንዳለፈ ወደዚያ ሐኪም ተመለስኩና የክኒኗን ስም ነገርኩት። የማላውቀው መኪና ሞተር ሲገጥመኝ መካኒኩን አላስቆም አላስቀምጥ እንደምለው ይዤ ጠየቅኩት። አልሰለቸኝም፣ ይባርከው። ይህን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመኖች ናቸው የሠሩት አለኝ፤ ደም የሚያቆም ሌላ መድኃኒት ሲፈልጉ መንገድ ላይ ያገኙት ነው፤ ጥቅሙን ሳያውቁ ትተውት ኖረ። ኋላ አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ሐኪሞች ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ልቡ ለተዘጋ ሰው ይሰጡት ጀመር፤ ሰዉ የሆድ የሆዱን እንዲያወራ ያደርገዋልና። ከዚያ ወጣቱ እጅ ገባ፣ ጭፈራ ቤት ገባ፣ መንግሥታት ከለከሉት። አሁን ደግሞ ለወታደሮች እየሞከሩት ነው፤ እዚህ ላይ አልዋሸህም። ግን እንዴት እንደሚሞክሩት አንብበሃል? አስቀድመው የሰውየውን ልብ ይመረምራሉ። ንጹሕነቱን ያወቁትን፣ የመዘኑትን ነው የሚሰጡት። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ያስተኙታል፣ ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን እየለኩ። አንተ ከምትሠራበት ሆቴል ጓዳ ማን እንደሠራት፣ ምን እንደተቀላቀለባት የማታውቃትን ክኒን አምጥተህ፣ ከበሮና ፀሐይ ላይ ብቻውን ለቀቅከው። አንተ ደንቆሮ! አጠገቡ እንኳን ብትቆይ ምን ነበር? የዋጠው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ቢኖር!

አካሉን ያግላል አለኝ ሐኪሙ። ሰውነት ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ሰውየው ግን ደስታ ስለሚሰማው ድካሙንም ጥሙንም አያውቀውም። ልብ ይመታል፣ መንጋጋ ይያያዛል። ሌላው ቀርቶ ውሃ ያለ ልክ ቢጠጡበትም ይገድላል አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፣ እንዲህ የጋለ ሰው ሲያጋጥም ልብሱን ማውለቅ ነው፣ ውሃ ማፍሰስ፣ በር መክፈት። መሸፈን ግን…» ፊቴን አየና አቆመ። ያን ሌሊት ጋቢውንና ብርድ ልብሱን በገዛ እጁ ነው ያወለቀው፤ ትዝ አለው።

አርባ ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ሞተር ሲግል ኮፈን ከፍቼ አቀዘቅዛለሁ እንጂ ብርድ ልብስ አላለብስም። «እናቱ ባትሸፍነው ይተርፍ ነበር?» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። «ዶክተር፣ ንገረኝ» አልኩት። «ምናልባት። እርግጠኛ መሆን አልችልም» አለኝ። ምናልባት የምትለውን ቃል ያን ቀን ጠላኋት።

አየህ ልጄ፣ ያንተ ክኒን ብቻዋን አይደለችም። ይህን የምጽፍልህ እንዲቀልልህ አይደለም፤ ቀላል ነገር የለውም። ግን አንተ እዚያ ወንድሜን ገደልኩ እያልክ ራስህን ስትበላ፣ ሙሉውን ሳታውቅ በራስህ ላይ ልትፈርድ አይገባም። ግማሹን የሠራችው የምትወድህ እናትህ ናት፣ በፍቅሯ። አንተም በፍቅርህ ነው። ምን ዓይነት መርገም ነው ይሄ?

እሷ አታውቅም። ከእኔና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁንም ምች ገደለው ነው የምትለው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሲመጣ ሁሌ የምትለው አንድ ነው፦ «ቶሎ ብሸፍነው ኖሮ! ከጋፋት እስክንደርስ ዘገየሁበት፣ እዚያው ሠርግ ቤት ብሸፍነው ይተርፍልኝ ነበር።» በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ሰዎቹ ለቅሶው ከብዶት ነው ይላሉ። አሁንም ሰው ልጁን ያመጣላታል፤ ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ ምች መታው ብለው አመጡላት፣ አሽታ ሸፍና ላከችው፣ በማግሥቱ ሲሮጥ ዋለ። ደስ ብሏት መጣችና፣ «እጄ ለሰው ልጅ ይሠራል፤ ለራሴ ልጅ ነው እምቢ ያለው» አለችኝ።

እንግዲህ አንተ ድንጋይ ተሸክመህ መጥተህ እግሯ ሥር ወደቅክ እንበል። ይቅር ትልሃለች። አውቃታለሁ፤ ድንጋዩን ራሷ ታወርድልሃለች። ከዚያስ? እናትህ ሞኝ አይደለችም። «ክኒኑ ምን ያደርጋል?» ብላ ትጠይቅሃለች። አንተ መዋሸት አታውቅበትም፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። «ያግላል» ትላታለህ። ያን ጊዜ እናትህ ያን ከሰዓት በኋላ ታስበዋለች። ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ውሃ ሲላት እምቢ ያለችውን፣ ሲወራጭ አቅፋ የያዘችበትን። ማንም ሳይነግራት ራሷ ትደርስበታለች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የምታድር አይመስለኝም።

እኔም ለመናገር ብሞክር አልቻልኩም። ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ነበር፤ ደጁ ደርሼ ተመለስኩ። እውነት ነጻ ያወጣል ይላሉ። ይሄኛው ማንን ያወጣል? አንተን ትንሽ ያሳርፍሃል፤ እሷን ይገድላታል። ወይም አንተ ትከሻህ ላይ ተሸክመኸው ትኖራለህ፣ እሷ ደግሞ ቶሎ ብሸፍነው ኖሮ እያለች ትኖራለች። ሁለቱንም አገላብጬ አየሁት። ሌላ አላገኘሁም፤ ካለህ ንገረኝ።

ስለዚህ አትምጣ።

ይህን ቃል ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልነግርህም። ለሙት ዓመቱ አትምጣ፣ ከዚያም በኋላ አትምጣ፤ ዓይኗን እያየህ ዝም ማለት እስክትችል ድረስ አትምጣ። እኔ መንገድ ተዘጋ እላታለሁ፤ በዚህ ዘመን ይህን የማያምን የለም። ስልክህን ግን ክፈትላት። ድምፅህን ትስማ። ስለ ሥራህ፣ ስለ ምግብህ አውራት፤ ስለ ይሻው ስታነሣብህ አልቅስ እንጂ አትናገር። ማልቀስ አይከለከልም።

እኔ አንተን ይቅር ብዬሃለሁ ወይ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን ሞቶ የቀረው አንተ በሆንክ እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያው አፌን እመታለሁ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ይሄ ነው፦ ወይራው ሥር ልጄ ያናገረኝን ያችን ጊዜ ያንተ ክኒን ናት የሰጠችኝ። ያለሷ ይሻው ምን እንዳየ ሳላውቅ ሁለታችንም እንሞት ነበር። ላመሰግንህ አልችልም። ልረግምህም አልቻልኩም።

ልጄ፣ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። የምትቀርበውን ሰው መርቆ ይስጥህ። እንቅልፍ ይስጥህ፤ ለእኔ የነሣኝን ለአንተ ይስጥህ። ያችን ነገር ዳግመኛ በእጅህ አትንካ፤ ይዘሃትም ሌላ እናት ቤት አትግባ።

ይህን ስጽፍ እናትህ ገባች። «ጨረስክ?» አለችኝ። ጨርሻለሁ አልኳት። «ና ብለህ ጻፍክለት?» «ጻፍኩ።» ነጠላዋን አጣፍታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «እስቲ አንብብልኝ» አለች። ምን ላድርግ? ወረቀቱን አነሣሁና እንዲህ ብዬ አነበብኩላት፦ «ልጄ ሞገስ፣ ለወንድምህ ሙት ዓመት ና። እናትህ በር በሩን እያየች ነው። ምንም ይዘህ አትምጣ፣ ራስህን ብቻ ይዘህ ና። አንድ ልጅ ቀብረናል፤ አንተ ከሌለህ እኛን ማን ይቀብረናል? ና፣ ልጄ። በቶሎ ና።» ስትጠይቅህ ደብዳቤው ያለው ይህንን ነው፤ አስታውሰው።

አለቀሰች። «ይሄን ከሰማ ይመጣል» አለችና፣ «ደግመህ አንብብልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። ከወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ግን አንድ ቃል አልሳትኩም።

አባትህ
ወርቁ